መጥረጊያ የያዘችው አሮጊት

ሥዕል ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን ስናገር ሚስቴ «ደግሞ ጀመረ» ትላለች፤ እውነት ስለሆነ ግን እናገረዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የራሴ ነው። ቀለም መበጥበጥ በራሴ፣ የሱቅ ታፔላ መጻፍ በራሴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሸራ ላይ እየሣሉ ለቱሪስት መሸጥ በራሴ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ በኋላም እንግሊዝኛውን፣ መኪናውን፣ የወለል መወልወያ ማሽኑን ሁሉንም በራሴ ለመድኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ትምህርት ቤት በጃኒተርነት ሠርቻለሁ። አስተማሪዎቹ የእኔን ኮሪደር ወለል እንደ መስታወት እያዩ ክራቫታቸውን ያስተካክሉበት ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የወሰድኩት አንድ ትልቅ ሕግ አለ። ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው፣ ሰቃልያኑ አንድ ዓይን ናቸው፣ ሰይጣንም እንደዚያው። ተመልካቹ ማንበብ ባይችል እንኳ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከበር ላይ ቆሞ ይለያል። እኔ ስንት ይሁዳ እንደሣልኩ አላውቅም፤ አንዱም ግን በሁለት ዓይን አላየም። በዚህ ሕግ ስለምተማመን የማንኛውንም አገር ሥዕል አነባለሁ እያልኩ ለጓደኞቼ እናገር ነበር። እነሱም ያምኑኝ ነበር፤ የሚከራከረኝ ሰው በመካከላቸው አልነበረማ።

አንድ ሴት ልጅ አለችኝ። ፋርማሲስት ናት፤ የምትሠራውም የምትኖረውም አሌክሳንድሪያ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳን ካለፈ በኋላ እናቷ ጥሩ ባል እንዲገጥማት በየጾሙ ስእለት ስትሳል ቆየች፤ በመጨረሻ ልጅቷ የምታገባውን ልጅ ይዛ መጣች። ወላጆቹ ጃፓኖች ናቸው፤ አባቱ ሞተዋል፣ እናቱ አሉ። እሱ ተወልዶ ያደገው ቨርጂኒያ ነው። ልጁን አልጠላሁትም። ቤታችን ሲገባ ሳይነገረው ጫማውን በር ላይ አውልቆ አስተካክሎ አስቀመጠ፤ ሚስቴ ያን ቀን ተሸነፈች።

ልጄ «እንደ እኛ ወግ ሽማግሌ ይላክ» አለች። ልጁም እሺ አለና ሽማግሌ ፈለገ። ያገኘው ማንን ነው? የእኔኑ ጓደኛ። አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው። «ከድተኸኝ ወዲያኛው ወገን ተሻገርክ?» ብለው፣ «ያንተ ወገን ምግብ እንጂ ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም» አለኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጓደኛዬ ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ልጁ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እናቱም አብረው። ሴት ለሽምግልና አትመጣም ተብሎ ተነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ልጄን የምድረው እኔ ነኝና እኔው መቅረብ አለብኝ አሉ አሉ። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ ሴት ናቸው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንሱም። ጓደኛዬ ቆሞ ተናገረ። ዕድሜውን ሙሉ አንተ ሲለኝ የኖረ ሰውዬ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን በትሕትና እንለምንዎታለን» ሲል ሳቄን ዋጥኩት።

ከዚያ የልጁ እናት በገመድ የታሰረ ረጅም የእንጨት ሣጥን ፈቱ። ውስጡ የተጠቀለለ ሥዕል ነበር። እንደ መጋረጃ ዘርግተው ግድግዳዬ ላይ፣ የቀን መቁጠሪያው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

ተነሥቼ ቀረብኩ። የተጣመመ ጥድ አለ። ሥሩ አንድ ሽበታም ሽማግሌና አንዲት ሽበታም አሮጊት ቆመዋል። ሽማግሌው ቅጠል የሚሰበሰብበት ባለ ጥርስ መንሽ ይዟል። አሮጊቷ መጥረጊያ ይዛለች። ከላይ እግረ ረጅም ነጭ ወፍ፣ ከታች አንዲት ዔሊ፤ የዔሊዋ ጭራ ላይ ደግሞ ያልተጠረገ ገለባ የሚመስል ነገር ይጎተታል። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ሁለቱም በጎናቸው ነው የተሣሉት። አንድ አንድ ዓይን።

ጆሮዬ ጋለ። ጃኒተር ለነበርኩ ሰው የመጥረጊያ ሥዕል፤ ያውም ባለ አንድ ዓይን። ወደ ወንበሬ ተመልሼ እንዲህ አልኩ፦ «ሰምተናል። አስበን እንነግራችኋለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ጓደኛዬ ራሱን ነቀነቀ። በእኛ ወግ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት ልጅ አባት የለም፤ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ይቀጠራል። ልጄ የተናገርኩትን ለልጁ እናት በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው አልተለወጠም። ብቻ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ቆዩና አመስግነው ወጡ። ጥፋታቸውን አውቀውት ነው አልኩ በልቤ።

በሩ እንደተዘጋ ሚስቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ያመጡልንን አላየሽም?»

«ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ደስ ይላሉ።»

«በመጥረጊያ፣ በመንሽ፣ በአንድ ዓይን?» ካልኩ በኋላ ወደ ልጄ ዞርኩ። «ጃኒተር እንደነበርኩ ነግረሻቸዋል?»

«ኦፍ ኮርስ ነግሬያቸዋለሁ። ለምን እደብቃለሁ?»

«እንግዲያው መልሳቸው ይኸው፣ ግድግዳው ላይ ነው።»

ልጄ እዚያው ቆማ ለልጁ ደወለች። አጠገቡ ያሉትን እናቱን ጠይቆ መለሰላት። «ጉድ ላክ ነው ትላለች አባዬ።»

«ጉድ ላክ መጥረጊያ ይዞ አይመጣም።»

ልጄ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ አንድም እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል ተናገረች፤ ነገሩ የምር መሆኑን ያወቅኩት በዚህ ነው። «አባዬ፣ ፍርድ ቤት ሄጄ መፈራረም እችላለሁ። ግን አንተ ሳትመርቀኝ አላገባም። እሱንም አልተውም። ሁለት ሳምንትህን አስብበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደዚህ ቤት በየትኛው ፊቴ እንደምመጣ አላውቅም።» መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። በሚቀጥሉት ቀናት ለእናቷ በየዕለቱ ደወለች። ለእኔ አልደወለችም።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ቀረ። ሚስቴ አላወርድም አለች፤ እኔም መንካት አልፈለግኩም። ቁርስ ስበላ አሮጊቷ በዚያች አንድ ዓይኗ ከአጠገቤ አትጠፋም። በአምስተኛው ቀን ጃኬቴን ለበስኩ።

«ወዴት ነው?» አለች ሚስቴ።

«ሙዚየም። ማስረጃ ላመጣ።»

«ስህተትህን ልትፈልግ ነው በለኛ።»

በባቡር ዋሽንግተን መሀል ወረድኩ። እዚያ የእስያ ሥዕል የሚያሳዩበት ቤተ መዘክር አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። የጃፓኖቹን ክፍል አገኘሁና መነጽሬን አስተካክዬ ክፉዎቹን መፈለግ ጀመርኩ። ዝናብ የያዛቸው መንገደኞች፣ ፀጉሯን የምታበጥር ሴት፣ ጀልባ ቀዛፊዎች። አብዛኞቹ ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔም አላዩ፣ ሙሉ ለሙሉም ጎናቸውን አልሰጡኝም። ሁለተኛው ዓይናቸው አፍንጫቸው ጥግ ላይ በስስ መስመር ተሠርቷል። በእኔ ሕግ እነዚህ ምን ናቸው? ግማሽ ጻድቅ የሚባል የለም።

ከዚያ አንዲት እናት ሕፃኗን ለማጥባት ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ፍጹም በጎኗ፤ አንድ ዓይን። እሷን ይሁዳ ለማለት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ይበልጥ ለማየት ጠጋ ስል ከኋላዬ «አባባ፣ መስመሩን አይለፉ» የሚል ድምፅ መጣ፤ በአማርኛ። ጥበቃዋ ሻሽ ያሰረች የእኛው አገር ልጅ ናት። ወሎዬ መሆኗን ከአነጋገሯ ለየሁ።

«የእነዚህን ትርጉም ታውቂዋለሽ ልጄ?»

«እኔ እንዳይነኩ ነው የምጠብቀው አባባ። ትርጉማቸው ሌላ ጥበቃ አለው» አለችና ሳቀች። «ግን እዚያ ጥግ ላይ ያለውን ይዩት። ሰው ሁሉ እሱ ጋ ነው ፎቶ የሚነሳው።»

ሄድኩ። ቀይ ጋኔን ነው። ቀንድ አለው፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ወጥቷል። ፊት ለፊት፣ በሁለት ክብ ዓይኖች፣ ልክ እኔ ቅዱሳንን እንደምሥላቸው አፍጥጦ ያየኛል።

ክፍሉ መሀል አግዳሚ ወንበር ነበርና ተቀመጥኩ። ሕጌ በእኛ ሥዕል ላይ እውነት ነው፤ ዛሬም እውነት ነው። ግን የእኛ ነው። አገሩን ካለፈ እንደማይሠራ ማንም አልነገረኝም ነበር። ማን ይንገረኝ? በራሴ የተማርኩ ሰው ነኛ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሌላ ሽማግሌ ያደርገዋል ብዬ አላስብም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ትልልቅ የሥዕል መጻሕፍት ተዋስኩ፤ አጉሊ መነጽርና የስልኬን መተርጎሚያ ይዤ ለአንድ ሳምንት ተቀመጥኩ። ጥዱ ክረምት የማይረግፍ ስለሆነ የጽናት ምልክት ነው። እግረ ረጅሟ ወፍ ሺህ ዓመት ትኖራለች ይላሉ፤ ዔሊዋ ደግሞ ከእሷም በላይ። ፏፏቴ የሚወጣ ዓሣ ከሣሉ ልጅህ ይበርታ ማለት ነው። በበረዶ መሀል ያበበ ቅርንጫፍ ከሣሉ ደግሞ ብርድ አያሸንፍህ ማለት ነው። የዔሊዋ ጭራ ላይ ገለባ ያልኩት ከዕድሜ ብዛት የበቀለ የውሃ ሣር ሆኖ ተገኘ። ሽበቷ ነው። ይህን ሳነብ ወደ ግድግዳው ዞሬ ዔሊዋን አየኋትና ትንሽ አፈርኩ።

መጥረጊያው ግን በየትኛውም መጽሐፍ አልተገኘም። ሁለት ሳምንቱ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀረው። የቀረኝ አንድ መንገድ መጠየቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ መንገድ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ጀርመንታውን የሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት ስሄድ ሁለት ሰዓት ጠፍቼ፣ ሚስቴ አጠገቤ እያለቀሰች፣ በራሴ ነው ያገኘሁት።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። «ታክሲህን ይዘህ ና። አሌክሳንድሪያ፣ የልጁ እናት ቤት እንሄዳለን።»

«የሴት ልጅ አባት ወደ ወንዱ ቤት አይሄድም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ልትሰድባቸው ከሆነ አልወስድህም።»

«ልጠይቃቸው ነው።»

«ጤናህ እንዴት ነው?» አለኝ።

ሥዕሉን ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩትና ብብቴ ሥር ይዤ ገባሁ። ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ቆሞ ሳለ ጓደኛዬ በመስታወቱ እያየኝ «እንዴት ነው የምትጠይቀው? ተለማመድበት» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር በሆዴ እየተለማመድኩ ነበር።

ደረስን። ሴትዮዋ ከቤታቸው ፊት ያለውን የጡብ መንገድ እየጠረጉ ነበር፤ የወደቀ ቅጠል በዝቷል። እኔን አዩ፣ ቀጥሎ ብብቴ ሥር ያለውን ሣጥን አዩ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እንደዚያን ቀን ጎንበስ አሉ። እኔም ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ጎንበስ አልኩ። ጓደኛዬ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል።

«ራስዎ ስለመጡ አመሰግናለሁ» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «መልሱን በዚያው ቀን አውቄዋለሁ። ለልጄም ነግሬዋለሁ። ሥዕሉን በፖስታ ቢልኩትም ይበቃ ነበር።»

«የትኛውን መልስ?»

«እናስብበት አላችሁ። በእኛ ዘንድ፣ ቀጠሮ ቢጨመርበትም እንኳ፣ እናስብበት ማለት አይሆንም ማለት ነው። ፊት ለፊት አይሆንም ብሎ ሰውን ላለማሳፈር ነው እንደዚያ የሚባለው። እኔ ደግሞ ልጅዎን እወዳታለሁ። ስለዚህ ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ ነው የሰነበትኩት።»

በእኛ ወግ እናስብበት ማለት በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ነው፤ ነገ ና፣ ትገባለህ ማለት ነው። እኔ በንዴት የተናገርኩት ቃል እንኳ በሩን አልዘጋውም ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ሳምንት ያህል በተዘጋ በር ፊት ቆመዋል፤ ልጃቸውም፣ የእኔም ልጅ።

«እኛ ዘንድ አይሆንም ማለት አይደለም» አልኳቸው። «ደግሞ ያጠፉት እርስዎ አይደሉም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።» ወጣልኝ። ያሰብኩትን ያህል አላመመኝም።

ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ሥዕሉን ዘረጋን፤ አረንጓዴ ሻይ ቀዱልኝ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ በየራሱ መንገድ የሚያነክስ ስለሆነ ቀስ እያልን ተግባባን። ጣቴን መጥረጊያው ላይ አደረግኩ። «ይህ ምንድን ነው?»

«አሮጊቷ ክፉውን ነገር ከቤት ጠርጋ ታወጣለች» አሉና በእጃቸው ወደ ውጭ ጠረጉ። «ሽማግሌው መልካሙን ነገር በመንሹ ሰብስቦ ያስገባል።» በእጃቸው ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «የሁለት ጥዶች መንፈስ ናቸው ይባላል። ጥዶቹ የበቀሉት ተራርቀው፣ በተለያየ ባሕር ዳርቻ ነው። ግን ባልና ሚስት ናቸው። አብረው አረጁ። እኔ ስታጭ ይህ ሥዕል ከባለቤቴ ቤተሰብ ወደ አባቴ ቤት መጣ። ከዚያ ከእኔ ጋር እዚህ ድረስ መጣ።»

ሻይዬን አስቀመጥኩ። ጃኒተር ስለመሆኔና ስለ መጥረጊያው ያሰብኩትን ነገርኳቸው፤ መደበቅ አልቻልኩም። ደነገጡ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በልጅነቴ ትምህርት ቤት ስንማር ክፍላችንን የምንጠርገው እኛው ተማሪዎቹ ነበርን። አስተማሪያችንም አብሮን ይጠርጋል። ልጅዎ አባቴ ትምህርት ቤት ያጸዳ ነበር ስትለኝ፣ ይህ ሥዕል ለዚያ ሰው ቤት ነው አልኩ።»

«ዓይኑስ?» አልኩ። ወረቀትና እስክርቢቶ ጠየቅኩ፤ ከለመድኩት ዘንድ መጠየቅ ቀላል ነው። ባለ ሁለት ዓይን ጻድቅና ባለ አንድ ዓይን ይሁዳ ሥዬ አስረዳኋቸው። እጄ አልከዳኝም፤ በአራት መስመር ቅዱስ የሚሠራ ሰው እዚህ አካባቢ ካለ ይምጣና ይታይ። ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

«እንግዲያው አገሬ በሙሉ ክፉ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ ብለው የሁለቱን ሽማግሌዎች ፊት በጣታቸው አገናኙ። «እነዚህ እኛን አያዩንም እኮ። እርስ በርሳቸው ነው የሚተያዩት።»

አየሁ። እውነትም ነው። ከሣጥኑ ከወጣ ጀምሮ ግድግዳዬ ላይ ሲተያዩ ከርመዋል፤ እኔ ግን እኔን የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አልነበረም።

እዚያው ሆኜ ለልጄ ደወልኩ። «የት ነህ?» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጠኝ።

«የልጁ እናት ቤት።»

«አባዬ፣ ምን አደረግክ?»

«ሻይ እየጠጣሁ ነው። እሑድ ሽማግሌዎቹ በጊዜ ይምጡ። ጓደኛዬ ያለ ነጠላ እንዳይመጣ።» በስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ሲወጣ ሰማሁ። ቀጥሎ ማልቀሷንም ሰማሁ፤ ግን ደግ ለቅሶ ነበር።

እሑድ መጡ። ጓደኛዬ እንደገና አንቱ እያለ ለመነኝ፤ እኔም ሰጠሁ። እናስብበት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፤ እናቲቱ እየጠበቁት እንደነበር ግን ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

እስከ ሠርጉ ድረስ በአጸፋው ለልጆቹ የምሰጠውን ሥዕል ሣልኩ። ጥድ፣ ወፍ፣ ባለ ሽበት ዔሊ፣ ሽማግሌው ከነመንሹ፣ አሮጊቷ ከነመጥረጊያዋ፤ ሁሉም በእኛ ቀለም፣ ፊታቸው ወደ ፊት፣ ዓይናቸው ሁለት ሁለት፣ ትልልቅ። የልጁ እናት አይተው «በጣም ጥሩ ነው። አሮጊቷ ግን ሌባ የያዘች ትመስላለች» አሉ። ሚስቴ ከእሳቸው ጋር ወግና ሳቅ የጀመረችው ያን ቀን ነው፤ አሁን በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አልገባኝም። ሥዕሌ አሌክሳንድሪያ፣ የልጆቹ ሳሎን ተሰቅሏል። የእሳቸው እኔ ጋ አለ። የቀን መቁጠሪያው ሌላ ምስማር ተመታለት።

በምርቃቱ ቀን ሙሽሮቹ ጉልበቴን ስመው ፊቴ ተንበረከኩ። ሽማግሌ ሁሉ የሚለውን አልኩ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ። ከዚያ ማንም ሽማግሌ ያላለውን ጨመርኩ፦ «አንዳችሁ መጥረጊያ፣ አንዳችሁ መንሽ ይዛችሁ አብራችሁ አርጁ።»

ልጄ ቀና ብላ «አባዬ፣ ሮቦት ቫክዩም አለን» አለችኝ።

«እሱ ጥግ አይደርስም» አልኳት። «ጥግ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ ደውሉልኝ።»